የግል አስጠኚ ወይስ የቡድን ጥናት? ለኮሌጅ ለሚያመለክት ተማሪ

ወጪ፦ አስጠኚ በሰዓት ይከፈለዋል፤ ቡድኑ ከጊዜና ከደብተር በቀር የሚጠይቀው የለም።

ውጤት፦ እዚህ ላይ የግል አስጠኚ ያይላል። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ለአንድ የተማረ አማካይ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 በመቶውን በልጧል፤ ኋላ የመጡ ጥናቶች ልዩነቱን አነስ አድርገው ቢያገኙትም። ጥሩ አስጠኚ ከልጁ ጎን ተቀምጦ የመቀነስ ምልክቷ የተዘለለችበትን መስመር በጣቱ ያሳያል። በቡድን መካከል ያቺ መስመር ሳትታይ ታልፋለች።

ስጋት፦ ቡድን ወደ ጨዋታ ያዘነብላል። አስጠኚው የማመልከቻ ድርሰቱን ራሱ ከጻፈለት ግን የልጁን ድምፅ ቀማው፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ለማን? መሠረቱ ለሳሳበት ወይም በሰው ፊት መጠየቅ ለሚያፍር፣ የግል አስጠኚ። ትምህርቱን ለያዘና ለጓደኛው ሲያስረዳ ይበልጥ ለሚገባው፣ ቡድኑ ይበቃዋል።