20 ሚሊ ያጠረ ስቴም፦ ከስምንት ወር በኋላ

ከስምንት ወር በፊት የግራቭል (የኮረኮንች መንገድ) ሳይክሌን ስቴም ከ100 ሚሊ ወደ 80 ሚሊ ቀየርኩት። ስቴም መሪውን ከፎርኩ፣ ማለትም ፊተኛውን ጎማ ከሚይዘው ሹካ፣ ቧንቧ ጋር የሚያያይዘው አጭር ክንድ ነው። የገዛሁት ተራ የአሉሚኒየም ዕቃ ነው፤ መሪውን የሚይዝበት ስፋት 31.8 ሚሊ፣ ማዕዘኑ 6 ዲግሪ። ለዓይን ምንም የተለየ ነገር የለውም። ግን ሳይክሌ ላይ ካደረግኳቸው ለውጦች ሁሉ አነዳዴን እንደዚህ የቀየረ የለም። ጎማ ስቀይር እንኳን ይህን ያህል ልዩነት አላየሁም።

ችግሬ እንዲህ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ስነዳ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይደነዝዛሉ። ማጅራቴን ይይዘኛል። የፍሬን እጀታውን ጨብጬ እነሳና ትንሽ ቆይቼ ሳየው እጄ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ መሪው የሚታጠፍበት ላይ ይገኛል። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው። ሰውነት የሚመቸውን ቦታ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ክርኔ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይገተራል። ክርን ሲገተር ኮረኮንቹ የሚልከው ንዝረት በሙሉ ትከሻ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ኮርቻውን ወደ ፊት መግፋት ነበር፤ 12 ሚሊ ያህል። እጄ ትንሽ ቀለል አለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ጉልበቴ ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ኮርቻ የሚስተካከለው ከፔዳል አንጻር ነው፤ መሪው ራቀ ተብሎ ኮርቻ አይነካም። ወደ ቦታው መለስኩትና ርቀቱን ከስቴሙ ልቀንስ ወሰንኩ።

ስቴም ስታሳጥሩ መሪው ወደ እናንተ ብቻ አይቀርብም፤ ትንሽ ይወርዳልም። ስቴሙ ሽቅብ ያዘነበለ ስለሆነ ሲያጥር ጫፉ ዝቅ ይላል። እኔ ከመሬት እስከ መሪው ድረስ በፊትም በኋላም ለካሁ፤ 4 ሚሊ ወርዶ አገኘሁት። ከስቴሙ በላይ የነበረችውን 5 ሚሊ ቀለበት ከታች አስገብቼ መለስኩት። ስትለኩ ኮርቻውንም መሪውንም ጻፉ። በኋላ ምን እንደቀየራችሁ ለማወቅ ከዚያ ወረቀት ሌላ ማስታወሻ የላችሁም።

አገጣጠሙ ላይ ልቆይ፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ስቴሙን ከፎርኩ ቧንቧ ጋር የሚያጣብቁትን የጎን ብሎኖች አስቀድሜ አጠበቅኩና ከዚያ የላይኛውን የክዳን ብሎን ማሰር ጀመርኩ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው። የክዳኑ ብሎን ሥራ ስቴሙን ወደ ታች ተጭኖ የኩሽኔታዎቹን ልቅነት ማጥፋት ነው። የጎኖቹ አስቀድመው ከያዙ ስቴሙ ንቅንቅ አይልም፣ የክዳኑም ብሎን ከንቱ ይሆናል። በማግስቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ። በአንድ እጄ የፊት ፍሬኑን ጨብጬ፣ የሌላውን እጄን ጣቶች ፎርኩና ፍሬሙ የሚገናኙበት ላይ አሳረፍኩና ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዝኩት። ጣቴ ሥር ጥቂት ጥቂት ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ቤት ገብቼ የጎኖቹን አላላሁ፤ የክዳኑን ልቅነቱ እስኪጠፋና መሪው ግን በነፃነት እስኪዞር ድረስ አሰርኩ፤ ከዚያ የጎኖቹን እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ። የኔ ስቴም ላይ የተጻፈው 5 ኒውተን ሜትር ነው። በግምት አትሰሩት፤ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ መፍቻ ተዋሱ። የካርቦን መሪ ያለው ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ።

የኔ ኬብሎች ከውጭ ስለሚሄዱ ሥራው ግማሽ ሰዓት ነው የወሰደው። በስቴሙ ውስጥ የሚያልፉ ከሆነ የፍሬን ቱቦ እስከ መፍታት ሊያደርስ ይችላል፤ ያኔ ለሚያውቅ መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ መንዳቱ። አጭር ስቴም መሪውን ቁንጥንጥ ያደርገዋል ይባላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እውነት መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን ረሳሁት። ሰፊ መሪ ላይ እጅ ከመሃሉ ርቆ ስለሚቀመጥ፣ 20 ሚሊ የመዞሩን ስሜት የሚቀይረው ጥቂት ነው። የሳይክሉ ጠባይ በዋናነት የሚወሰነው በፎርኩ ዝንባሌ ነው፤ እሱን ደግሞ ስቴም አይነካውም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሰውነቴ ክብደት አቀማመጥ ነው። ቁልቁለት ላይ መሪውን ወደ ታች የታጠፈበት ላይ ስይዝ ክርኔ አሁን ይታጠፋል። ፊተኛው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ እጄ ይውጠዋል። ወገቤን ወደ ኋላ ስገፋም መሪው ከእጄ አያመልጥም። ድሮ ልቅ ጠጠር ያለበት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደጨበጥኩ ነበር የምወርደው፤ ዛሬ ያንኑ መንገድ እያየሁ፣ መስመር እየመረጥኩ እወርደዋለሁ። ይሄ ነው በጣም ያስደሰተኝ።

ዋጋም አለው። ሰውነት ወደ ኋላ ሲቀመጥ ፊተኛው ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል። በሁለተኛው ወር፣ ሜዳ ላይ ያለ ኩርባ ላይ፣ ጠጠሩ እንደ ምስር የተበተነበት፣ ፊተኛው ጎማ ሸርተት አለብኝ። አልወደቅኩም፤ እግሬ አዳነኝ። ከዚያ ወዲህ ሜዳማ ኩርባ ስገባ ደረቴን ዝቅ፣ ክርኔን አጠፍ አደርጋለሁ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይም ተቀምጬ ስገፋ ፊቱ ይቀልና ይዋልላል። ኮርቻው ጫፍ ላይ ጠጋ ማለት ይበቃዋል፣ ግን ማሰብን ይጠይቃል።

80 ከጠቀመ 70 ምን ይሆን ብዬ አብሮኝ ከሚነዳ ጓደኛዬ ተውሼ ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። ለእጄ ምንም አልጨመረም። ዳገት ላይ ቆሜ ስነዳ ጉልበቴ ወደ መሪው ቀረበ፣ ፊቱም ከመጠን በላይ ቀለለ። መለስኩለት። 60 ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ የማይመቸው ሰው ግን ችግሩ ስቴም ላይ አይመስለኝም፤ ፍሬሙ ትልቅ ነው።

ስቴሙ ራሱ በስምንት ወር አላስቸገረኝም። ላብ የሚንጠባጠብበት አንዱ ብሎን ላይ ዝገት ጀምሮ ነበር፤ ፈትቼ ጠረግኩት፣ ጥርሱ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። በሦስተኛው ወር አካባቢ ዳገት ላይ ሲጢጥ የሚል ድምፅም መጣ፤ መሪውና ስቴሙ መካከል የገባ አቧራ ነበር። ከተጠረገ ወዲህ ዝም ብሏል።

ጣቶቼ አሁን ሦስት ሰዓት ያህል ሳይደነዝዙ ይቆያሉ። ከዚያ በላይ የትንሿ ጣት መደንዘዝ አልፎ አልፎ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ዳነ ማለት አልችልም። ቀጥሎ የምሞክረው መሪውን ራሱን ነው። የአሁኑ መሪ ከስቴሙ ወደ ፊት የሚወጣው 80 ሚሊ ነው፤ 70 በሚወጣ ብቀይረው 90 ስቴም ገጥሜ የፍሬን እጀታዎቹ አሁን ያሉበት ቦታ ይቆያሉ፣ መሪውን ከላይ ስይዝ ግን ዳገት ላይ ፊቱን የምጫንበት 10 ሚሊ አገኛለሁ። ወረቀቱ ላይ ቁጥሮቹን ጽፌ አስቀምጫለሁ።