ሞተሩ ይሰማል፣ ሙዚቃው ይቆራረጣል፦ ለደሴው ድምፅ ጠጋኝ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ሲጠግኑ ለኖሩ አንድ አባት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም አሮጌ የጌም ማሽን ኖሯችሁ ድምፁ ለተበላሸባችሁ ሰዎች እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳላወጣ ስላሳሰቡኝ ቃላቸውን ጠብቄ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የጠገኑልኝ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ሲሆን፣ የመለሱልኝ ደግሞ በአንድ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ውስጥ ያለውን ሙዚቃ ነው። «ለጌም ሙዚቃ ይህን ያህል ወሬ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እርሱም ጋሼ የሠሩትን ሰምቶ እስኪጨርስ ይታገሠኝ።

ማሽኑን ያመጣልኝ አምና ለአረፋ ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። አብሮት አንድ ኦሪጅናል የሪጅ ሬሰር ሲዲ ነበረ። ሪጅ ሬሰርን ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ መጀመሪያ በ1993 እ.ኤ.አ. ሳንቲም እየተጨመረባቸው ለሚሠሩ ትልልቅ የመጫወቻ ማሽኖች ያዘጋጀው ሲሆን፣ ሶኒ ፕሌይስቴሽንን ዲሴምበር 3 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለሽያጭ ሲያቀርብ በዚያው ዕለት አብረውት ከወጡት ጨዋታዎች አንዱ ሆነ። እኔ ግን ጨዋታውን የማውቀው ኮምቦልቻ ተማሪ ሳለሁ፣ በውድድር እየከፈልን ከምንጫወትበት ጌም ቤት ነው። እዚያ የሞተሩ ጩኸት፣ የጎማው ሲጥታና በእንግሊዝኛ የሚለፈልፈው አስተዋዋቂ ይሰሙ ነበር፤ ሙዚቃ ግን አልነበረም፤ ያለውም አይመስለንም ነበር። ነገሩ የገባኝ አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ ነው። በሲዲው ላይ የመጀመሪያው ትራክ የጨዋታው ዳታ ሲሆን፣ ሙዚቃዎቹ እንደማንኛውም የዘፈን ሲዲ ከእርሱ ቀጥለው የተቀመጡ የድምፅ ትራኮች ናቸው። ዳታውን ብቻ ኮፒ ያደረገ ሰው ጨዋታውን ያገኛል፣ ሙዚቃውን ግን እዚያው ትቶት ይሄዳል። የእኛ ጌም ቤት ሲዲ እንዲህ ኮፒ የተደረገ እንደነበር አልጠራጠርም።

ስለዚህ ኦሪጅናሉን ሲዲ ከትቼ ውድድሩ ሲጀምር፣ ከሞተሩ ጩኸት ሥር ያ ፈጣን ከበሮ ሲነሳ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያስቸግረኛል። ደስታው ግን አንድ ዙር እንኳ አልሞላም። ሙዚቃው እንደተጫረ ሸክላ ይዘልላል፣ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይጠፋል፣ ተመልሶ ከሌላ ቦታ ይቀጥላል። መኪናው ግን ይሄዳል፤ ሥዕሉም ንቅንቅ አይልም። በዚህ ላይ ከሁሉም ሥር የማያቋርጥ እምምታ አለ። መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ ሌላ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ማሽኑን በቅጡ ሳይፈታ «የድምፅ አይሲው ተቃጥሏል፣ ከእንግዲህ ለመለዋወጫ እንጂ ለሥራ አይሆንም» ብሎኝ (አይሲ ያለው ድምፁን የምታወጣውን ቺፕ ነው)፣ ለዚህ ለማየቱም አስከፍሎ ሸኘኝ።

የጋሼን ሱቅ የጠቆመኝ የመስጊድ ማጉያ እርሳቸው ዘንድ ያሠራ ጎረቤቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ማሽኑን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጣሁ። (የጨዋታውም መንገድ ከከተማ ወጥቶ በተራራ ኩርባ የሚዞር ነውና፣ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር በልቤ አስተያየት መስጠቴ አልቀረም።) ጋሼ ማሽኑን አገላብጠው አዩትና «እኔ ጌም አላውቅም» አሉኝ፤ ሁለተኛው ሰውም ሊሸኘኝ ነው ብዬ ስሰጋ ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰኩትና ጆይስቲኩን ሰጡኝ። «አንተ ንዳ፤ እኔ ልስማ።» ከዚያም ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጡ፣ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ መንገዱ እያዩ ማዳመጥ ጀመሩ። «ጎማውን አስጩኸው» አሉኝ፤ አስጮህኩት። «ከግንቡ ጋር አጋጨው» አሉኝ፤ ይህ ሳይታዘዝም የምችለው ነገር ስለነበር ወዲያው ፈጸምኩት። ሁለት ዙር እንደነዳሁ፣ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ዘርግተው የማሽኑን ክዳን ብድግ አደረጉት።

«ኧረ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ሲዲው መሽከርከሩን አቆመ፣ ሙዚቃውም ጸጥ አለ፤ መኪናው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጠለ፣ ሞተሩም አገሳ፣ አስተዋዋቂውም ለፈለፈ። ጋሼ ፈገግ አሉ። «አብሽር ልጄ» አሉኝ፤ «አይሲው ተቃጥሎ ቢሆን ሞተሩም ባልጮኸ፣ ሰውየውም ባልተናገረ። የሚቆራረጠው ከሲዲው የሚመጣው ብቻ ነው። የደከመው ዓይኑ እንጂ አፉ አይደለም።» ዓይን ያሉት ሲዲውን በሌዘር የሚያነበውን ሌንስ ነው።

ጨዋታውን አይተውት የማያውቁ ሰው በጆሯቸው ብቻ የደረሱበት ነገር ከማሽኑ አሠራር ጋር እንዴት እንደሚገጥም ቤቴ ገብቼ ባነበብኩ ጊዜ ይበልጥ ተደነቅሁ። ሪጅ ሬሰር ሲነሳ መላ ጨዋታውን 2 ሜጋባይት በሆነው የማሽኑ ዋና ሚሞሪ ላይ ይጭናል፤ እስኪጭን ድረስ እንዳይሰለቸንም ጋላክሲያን የተባለውን የናምኮን የቀድሞ የጠፈር ተኩስ ጨዋታ ያጫውተናል። ከዚያ ወዲያ ሲዲውን የሚፈልገው ለሙዚቃው ብቻ ነው። የሞተሩና የጎማው ድምፅ ደግሞ የሚወጣው በአንድ ጊዜ 24 ድምፆችን ማሰማት ከሚችለውና 512 ኪሎባይት የራሱ ሚሞሪ ካለው የድምፅ አይሲ ነው። ሞተር ሲያገሳ የምንሰማው አጭር ቅጂ እየተደጋገመ፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ቅጥነቱ ከፍ እንዲል እየተደረገ ነው። በእነዚያ 512 ኪሎባይቶች ውስጥ የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ ሳይታመቅ ይቀመጥ ቢባል ከ3 ሴኮንድ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሙዚቃው ሲዲው ላይ ይቆያል፣ ሌንሱም ውድድሩ እስኪያልቅ ሳያቋርጥ እያነበበ ማድረስ አለበት። ሌንሱ ሲደክም ሌላ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በቆመ ነበር፤ በዚህኛው ግን ሙዚቃው ብቻ ይሰናከላል፣ መኪናው ይነዳል። ያ የመጀመሪያው ሰው ሁለት ደቂቃ ቢያዳምጥ ኖሮ እርሱም በደረሰበት ነበር።

ጋሼ በካቻቢቴ ከፍተው ውስጡን በባትሪ እያበሩ አሳዩኝ። በእነዚያ ቀደምት ሞዴሎች ሌንሱን የተሸከመው ክፍል ፕላስቲክ ሲሆን የሚንሸራተተውም በፕላስቲክ ላይ ነው፤ የተቀመጠው ደግሞ ሙቀት ከሚያወጣው የኃይል ማስተላለፊያ ክፍል አጠገብ ነው። በዓመታት ብዛት ፕላስቲኩ ይበላል፣ ሌንሱም ትንሽ ያዘነብላል። ጋሼ ጣቴን ይዘው የተበላው ቦታ ላይ አሳረፉት፤ ለዓይን የማይታይ ጎድጓዳ በጥፍሬ ጫፍ ተሰማኝ። ይህን ጊዜ የኮምቦልቻው ጌም ቤት ባለቤት ማሽኑን ለምን ገልብጦ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ያጫውተን እንደነበር ተገለጠልኝ፤ ያን ዘዴ በሌላ አገር ያሉ ተጫዋቾችም ይጠቀሙበት ነበር። ልጆች ሳለን የምናምነው «ማሽኑ እንዲቀዘቅዝ ነው» የሚለውን ነበር፤ ዋናው ነገር ግን ሌንሱ በሌላኛው አቅጣጫ እንዲያርፍ ማድረጉ ነው።

እምነት የጣልኩባቸው በተለይ በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ሌንሱ አጠገብ ያለችውንና ወደ ሌዘሩ የሚሄደውን ኃይል የምትቆጣጠረውን ትንሽ ብሎን አሳዩኝና «ይህችን ባዞርልህ ዛሬውኑ ይዘፍንልሃል፤ አንተም አመስግነኸኝ ትሄዳለህ። ከወራት በኋላ ግን ሌንሱ ጨርሶ ይሞታል» አሉኝ። አላዞሯትም። በምትኩ ሌላ ቦታው ሞቶ ሌንሱ ደህና የሆነ አንድ ፕሌይስቴሽን ከካርቶን ውስጥ አውጥተው ሙሉ የሌንስ ክፍሉን ቀየሩልኝ፣ መንሸራተቻውንም አጸዱ፣ ቅባት ነኩት።

እምምታውን የፈቱት በደቂቃዎች ነው። ማሽኑ የአሜሪካ ስለሆነ ከ220 ወደ 110 ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው የሚሠራው፤ እኔ ደግሞ የድምፅ ገመዱን ትራንስፎርመሩ ላይ ጠምጥሜ ነበር የማስቀምጠው። ገመዱን ሲያርቁት ድምፁ ቀነሰ፤ ከኋላ ያለውን አንዱን ጃክ በካውያ እንደገና ሲበይዱት ጠፋ።

ከዚያ እኔ ያልጠየቅሁትን ጠየቁኝ፦ «ቤትህ ያለው ቴሌቪዥን ስንት የድምፅ ቀዳዳ አለው?» ሁሉንም ሲስተም የሚቀበል፣ ጀርባው ትልቅ የሆነ የድሮ ቴሌቪዥን እንዳለኝና አንድ ነጭ ቀዳዳ ብቻ እንዳለው ነገርኳቸው። «ታዲያ ቀዩን ገመድ ምን ታደርገዋለህ?» አሉ። ሜዳ ላይ እንደምተወው ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጩ የግራው፣ ቀዩ የቀኙ ድምፅ ስለሆነ፣ በቀኝ በኩል ብቻ የተቀዳ መሣሪያ ካለ እኔ ቤት ከናካቴው አይሰማም ማለት ነው። ሁለቱን ገመድ ዝም ብሎ አንድ ላይ መጠምዘዝም እንደማይገባ፣ አንዱ መውጫ ሌላውን እንደሚጫነው አስረድተው፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብተው ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ገመድ ሠሩልኝ። ሬዚስተሮቹን በሽሪንክ (ሲሞቅ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ) ሸፍነው፣ ላዩ ላይ በነጭ ፕላስተር «ጌም» ብለው ጽፈውበታል። ለዚህኛው ሥራ አላስከፈሉኝም።

አሁን ሙዚቃው ሳይቆራረጥ ይሰማል። የናምኮ ሙዚቀኞች፣ ከእነርሱም አንዱ ሺንጂ ሆሶኤ፣ የተጠቀሙበት ስልት በዚያ ዘመን በአውሮፓ የጭፈራ ቤቶች የነገሠውን ቴክኖ ነው፤ እንዲያውም የሆላንዷን የሮተርዳም ከተማ ስም የያዘ፣ ከበሮው እንደ መዶሻ የሚወርድ አንድ ሙዚቃ አለበት። ለብቻው ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ራስ ምታት ነው ቢባል አልከራከርም። መሪ ይዞ ለሚሰማው ግን ሌላ ነው። ኩርባው ላይ ጎማው ሲንሸራተት ሲጥታው ከላይ፣ የሞተሩ ጉርምርምታ ከሥር፣ ከበሮው መሐል ላይ ሆኖ አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል። በልጅነቴ ባዶ የመሰለኝ ሜዳ ለካ ለሙዚቃው የተተወ ቦታ ነበር።

ጋሼ ክዳኑን የከፈቱበት ዘዴ አንድ ሌላ በር ከፍቶልኛል፤ ጨዋታውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ከጥንትም ይጠቀሙበታል። ጨዋታው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሲዲውን አውጥቶ የራስን የዘፈን ሲዲ ቢያስገቡ፣ ማሽኑ ያንኑ እንደ ውድድሩ ሙዚቃ አድርጎ ያጫውታል። ማሽኑን ልረከብ በሄድኩ ዕለት ጋሼ ከመደርደሪያቸው የማሲንቆ ሲዲ አንስተው «ይህን ይቀበል ይሆን?» አሉኝ። ተቀበለው። የጃፓን መኪና በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ በአምባሰል ቅኝት ሲታጀብ፣ ሱቁ በር ላይ ሰባት ስምንት ሰው ቆሞ ነበር። የባቲው ዘፈን ለውድድር ተስማምቶታል፤ ትዝታው ሲመጣ ግን እኔም ሳላውቀው እግሬን ከነዳጁ ያነሳሁ መሰለኝ፣ አራተኛ ወጣሁ።

ለሚሄዱ ሰዎች እውነቱን ሁሉ መናገር አለብኝ። በአራት ቀን ይደርሳል ያሉኝ ዕቃ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል፤ እኔም ከኮምቦልቻ አንድ ጊዜ በከንቱ ተመላልሻለሁ፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት መድረሱን አረጋግጡ። ደረሰኝ አይቆርጡም። ለሌንሱና ለጃኩ ሥራ የከፈልኩት 1,200 ብር ሲሆን፣ አሮጌውን ሌንስ በወረቀት ጠቅልለው መልሰውልኛል። ሱቃቸውን ቧንቧ ውሃ ደርሳችሁ «ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሼ» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል፤ ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ገመዱን፣ ትራንስፎርመሩንና የምትጫወቱበትን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ የማሲንቆውን ሲዲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ።