ሞላ፣ ብረት ወይስ ፕላስቲክ? በበረዶ ላይ ለሚያጠምድ ሰው የትኛው የዘንግ ጫፍ ጠቋሚ ይሻላል

ሐይቁ በረዶ መሥራት ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ጫፍ ላይ ከሚሰካው ጠቋሚ የትኛውን ልግዛ?» ዘንድሮ ብቻ ለአራት ጓደኞቼ ያንኑ መልስ ደጋግሜያለሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ጠያቂ ይህን እልክለታለሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። የፕላስቲክ ስንጥሩን ግዙ። ዝርጉ የብረት ስንጥር ነፋስ ለሚበዛበት ቀን ሁለተኛ ሆኖ ይቀመጥ። ጥቅልሉን የሽቦ ሞላ ግን እኔ ዳግም በገንዘቤ አልገዛውም።

ለጀማሪ ትንሽ ላስረዳ። በቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ይሰንፋል። ምግቡን አሳዶ አይነጥቅም፤ ቀርቦ ይስበዋል፣ ካልጣመው ይተፋዋል። እኛ ደግሞ የምናወርደው የግራም ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ክብደት ያለው መንጠቆ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሲነካካ እጅ አይሰማውም፣ የዘንጉም ጫፍ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ጫፉ ላይ ቀጭን፣ ተጣጣፊ ነገር ይሰካና መንጠቆው የታሰረበት ናይለን በእሱ በኩል ያልፋል። መንጠቆው በክብደቱ ትንሽ ያጎነብሰዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው የዓይን ነው።

ብዙ ሰው ዓሣ ሲይዝ ጠቋሚው ወደ ታች የሚሳብ ይመስለዋል። ክራፒና ብሪም የሚባሉት ዓሦች ግን መንጠቆውን ከሥር መጥተው ወደ ላይ ያነሱታል። ያን ጊዜ ክብደቱ ከጠቋሚው ላይ ይነሳል። አጎንብሶ የነበረው ጫፍ ቀስ ብሎ ቀና ይላል፣ ናይለኑም ይረግባል። ምንም የሚጎትት ነገር የለም። ፐርች የሚባለውም ዓሣ ቢሆን አንዳንዴ አንዴ ብቻ ነካ አድርጎ ይተዋል። ጠቋሚ የምንገዛው ለዚህች ቅጽበት ነው። ይህን የማያሳይ ጠቋሚ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ሞላው። መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር፣ ምክንያቱም ርካሽ ነው። ስድስት ሞላ ያለው አንድ እሽግ የሁለት ጥሩ ፕላስቲክ ስንጥር ዋጋ ነበር። በሒሳብ ስታስቡት የማይታለፍ ነገር ነው። እሽጉ ላይም በትልቁ «ታይታኒየም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከስድስቱ አንዱ ቀዳዳው ጠብቦ ዘንጌ ላይ አልገባ አለ። ሁለቱ ጫፋቸው ላይ ያለው ቀለበት ሲቆረጥ ሳይሞረድ የቀረ ነበር። 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናይለን በእንዲህ ያለ ሻካራ ብረት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ እንደ ክር ይበጠሳል። በሁለት ቀን ውስጥ ተንግስተን ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራ ሦስት መንጠቆ ሐይቁ ውስጥ ቀረ። አንዱ መንጠቆ ብቻውን ከእሽጉ ሞላ ሁሉ ይበልጥ ያወጣል። የቀሩት ሦስት ሞላዎች ወቅቱ ሳያልቅ ዛጉ። ታይታኒየም እኮ አይዝግም! ቤት ገብቼ ማግኔት ባስጠጋቸው ጥብቅ ብለው ተጣበቁ። ታይታኒየም ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ ታይታኒየም ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲገጥማችሁ ትንሽ ማግኔት ከኪሳችሁ አውጡ። ከተሳበ ፎርጂድ ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም። ካልተሳበ ደግሞ ወዲያው አትመኑ፣ ማግኔት የማይስበው የማይዝግ ብረትም አለ።

ሞላው ኦሪጅናል ቢሆንም እንኳ አንድ የማይፈታ ችግር አለበት። ናይለኑ በጥቅልሉ መሃል ነው የሚያልፈው። ዓሣ ስታወጡ ናይለኑ ውኃ ይዞ ይመጣል፣ ውኃው በሽቦው ዙሮች መካከል ይቀራል፣ ከዚያ ይረጋል። ተጣጣፊ የነበረው ነገር በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ምስማር ይደርቃል። በረዶውን ለማራገፍ በጣት ስትጨምቁት ደግሞ ዙሮቹ ይለጠጣሉ። አንዴ የተለጠጠ ሞላ ወደ ቦታው አይመለስም። ፒንሳም ሞክሬያለሁ፣ ጭራሽ አጣመመው። ድንኳን ውስጥ ማሞቂያ ይዞ ለሚያጠምድ ሰው ሊሠራ ይችላል። ሜዳ ላይ ለሚቀመጥ ግን አይሆንም።

ፕላስቲኩ ላይ ውኃ ሲረጋ ምን ይሆናል? በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ወደ ጫፉ ትሳባላችሁ። በረዶው ቅርፊት ሆኖ ይወድቃል። አለቀ።

ጥሩው ስንጥር የሚሠራው ከፖሊስተር ነው፣ የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ከዚያው ዘር። የሩሲያ አጥማጆች ላቭሳን ይሉታል። ስሙ የመጣው ይህን ፖሊስተር ከሠራው የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ቤተ ሙከራ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። አይዝግም፣ ውኃ አያረጥበውም፣ ታጥፎ ሲለቀቅ ቀጥ ይላል። ጠላቱ ሙቀት ነው። ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ይለሰልስና እንደተጣመመ ይቀራል፤ ከድንኳኑ ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት።

ፕላስቲክ ስትገዙ ገንዘባችሁን የሚበላው ውፍረቱ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የስንጥር ጥንካሬ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር በኩብ ነው የሚያድገው። ውፍረቱ ከ0.1 ወደ 0.2 ሚሊሜትር ሲያድግ ጥንካሬው እጥፍ አይሆንም፣ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ይህን የማያውቅ ኮፒ ሠሪ ያገኘውን ፕላስቲክ ይቆርጥና የፈለገውን ቁጥር ይለጥፍበታል። እኔ አንዴ 0.15 የሚል የገዛሁት ስንጥር 0.3 ግራም መንጠቆ ሰቅዬበት ንቅንቅ አልል አለኝ። መካኒክ ጓደኛዬ ጋ ወስጄ በማይክሮሜትር ስንለካው 0.20 ሆኖ ተገኘ። ሲያዩት ልዩነቱ ምንም ነው። በጥንካሬ ግን ከ2 እጥፍ በላይ ነው። ያን ሁሉ ቀን ዓሣው ምግቤን ሲቀምስ ውሏል ማለት ነው፣ እኔም ቀና ብሎ የማይወርድ ስንጥር ላይ አፍጥጬ ውያለሁ።

ስለዚህ ውፍረቱን በቁጥር የማይጽፍ ሻጭ ጋ አትግዙ። «ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ» ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። ሲደርሳችሁ ደግሞ አጥፉት፣ ጫፍና ጫፉን አገናኙና ልቀቁት። ቀጥ ካለ ደግ ነው። ጎብጦ ከቀረ ወይም የታጠፈበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ካወጣ ፖሊስተር አይደለም። አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ ደግማችሁ እጠፉት። አንዳንዱ ርካሽ ፕላስቲክ ቅዝቃዜ ላይ እንደ ብስኩት ቀጭ ይላል። በረዶው ላይ ከሚሰበርባችሁ ቤት ይሰበር።

ብረቱን አላጣጥልም። ነፋስ ሲነሳ ፕላስቲኩ ሰፊ ስለሆነ ይወዛወዛል፤ ዓሣ ይሁን ነፋስ መለየት ያቅታል። ብረቱ ጠባብ ስለሆነ ጸጥ ይላል። ችግሩ ሌላ ነው። ብረት ከፖሊስተር አርባ ሃምሳ እጥፍ ስለሚገትር፣ ለቀላል መንጠቆ እንዲታጠፍ እንደ ወረቀት መሳሳት አለበት። የሳሳ ብረት ደግሞ አንዴ በሹል ከታጠፈ አለቀለት። በጥፍር እያሻሹ ማቃናት ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ አቃንቼ ተጠቅሜያለሁ። በሦስተኛው እዚያው ቦታ ላይ ተሰበረ። ዘንጉን ቦርሳ ውስጥ ስትከቱ ሳትነቅሉት ከረሳችሁ ዕጣው ይኸው ነው። እውነተኛው ታይታኒየም ከዝገት ይገላግላል፣ ግን ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። በአንዱ ዋጋ እኔ አሥር ፕላስቲክ እገዛለሁ፤ አሥር ፕላስቲክ ማለት ደግሞ ለየመንጠቆው ክብደት የሚስማማ አሥር የተለያየ ውፍረት ነው። አንዱ ታይታኒየም ግን ምንጊዜም ለአንድ ክብደት ብቻ ነው።

ስለ መላኪያ ደግሞ አንድ ነገር። አንድ ስንጥር ለብቻው ካዘዛችሁ መላኪያው ከዕቃው ይበልጣል። ከሁለት ከሦስት ጓደኛ ጋር ሰብስባችሁ እዘዙ።

የከርከሮ ጸጉርም አለ። በጣም ለቀላል መንጠቆ ያምራል፣ ግን ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ጥገናው ላይ ፕላስቲክ ጨርሶ ይለያል። ስንጥሩ መሃሉ ላይ ከተሰነጠቀ አትጣሉት። ከስንጥቁ በላይ ቁረጡና የተረፈውን እንደገና ስኩት። ሲያጥር ግን ይጠነክራል፣ ይህም በኩብ ነው። 12 ሴንቲሜትር የነበረው 10 ሲሆን ጥንካሬው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ለከበደው መንጠቆ አዙሩት። የእኔ የግማሽ ግራም ስንጥር እንዲህ ተቆርጦ ዛሬ የአንድ ግራም መንጠቆ ይዞ እየሠራ ነው። መሰኪያው ሲላላ እሳት ሲነካው የሚጨማደደውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ አልብሱት፤ እሳቱ ግን ስንጥሩን እንዳይነካው። ጫፉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሻካራ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጫፉን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀቡት፣ በነጭ በረዶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀለሙ አንድ ስስ ንብብር ይብቃው፤ ሲደራረብ ይከብድና ስንጥሩን ያለ መንጠቆ ያጎነብሰዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ረጅም ብርጭቆ ውኃ ሙሉ፣ መንጠቆውን በናይለን አስራችሁ ከጠቋሚው ላይ አንጠልጥሉና ውኃው ውስጥ አውርዱት። አየር ላይ የሚደረግ ሙከራ ያሳስታል፤ ከእርሳስ ብረት የተሠራ መንጠቆ ውኃ ውስጥ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፣ ተንግስተን ደግሞ አንድ ሃያኛ ያህል። ጫፉ ሰላሳ አርባ ዲግሪ ያህል አጎንብሶ ከቆመ ትክክል ነው። ቀጥ ብሎ ከቀረ ሳሳ ያለ ስንጥር ቀይሩ። ተዘርጥጦ ከተንጠለጠለ ወፈር ያለ ይምጣ። ከዚያ መንጠቆውን ከሥር በመጻፊያ እርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ጠቋሚው ወዲያው ቀና ካለ ዘንጉን ጫኑና ወደ ሐይቁ ሂዱ።