የደረጃችንን መብራት የሰራልንን ልጅ ላመስግንና ልጠቁማችሁ

እስቲ ዛሬ አንድ ኤሌክትሪሺያን በአደባባይ ላመስግን። ቤት ውስጥ ያለው ደረጃችን ላይ መብራት ሰርቶልናል፣ ብዙ ሊያስወጣን ይችል የነበረውን ስራ "ይሄ አያስፈልጋችሁም፣ ይሄም ይቅር" እያለ እየቀነሰ በትንሽ ወጪ ጨርሶ ነው ያስረከበን። ምን ምን እንደሰራ በዝርዝር እነግራችኋለሁ፣ ደረጃው የጨለመበት ሰው ካለ ይጠቅመዋል።

እማዬ እኛ ጋ መኖር ከጀመረች ወዲህ ማታ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ ልቤ ተሰቅሎ ነው የሚቆየው። ኮርኒሱ ላይ አምፖል አለ፣ ግን ከጀርባዋ ስለሚያበራ የራሷ ጥላ እግሯ ስር ይወድቃል፣ በዛ ላይ ደረጃው ከላይ እስከታች አንድ ዓይነት ቀለም ስለሆነ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለሷ ዓይን አይለይም። ቀደም ብለን ያነጋገርናቸው ሰዎች በየደረጃው ጎን ግድግዳው ይፈልፈልና መብራት ይቀበር ነበር ያሉን። ሲያዩት ያምራል፣ ግን መፈልፈል አለ፣ መልሶ መለሰን አለ፣ ቀለም አለ፣ ከመብራቱ ይልቅ ሌላው ወጪ ነው የሚበልጠው።

ይሄ ልጅ ሆን ብሎ መሸት ሲል መጣ። ሜትር ከማውጣቱ በፊት "እማማ እስቲ እንደ ሁልጊዜው ይውረዱልኝ፣ እኔ ከፊትዎ ነኝ" ብሏት እሷ ቀስ ብላ ስትወርድ የት ጋ እንደምታመነታ እያየ ወረደ። ከዛ "እዚህ ቤት ብርሃን አላነሰም፣ የጎደለው ጠርዙን የሚያሳይ ነው" አለን። እውነትም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የመረጠው ተራውን ኤልኢዲ ስትሪፕ ነው፣ ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩበትን ተለጣፊ ሪባን፣ በሜትር 4.8 ዋት የሚበላውን፣ ደማቁን አይደለም። በእያንዳንዱ ደረጃ ወጣ ብሎ በሚንጠለጠለው ጠርዝ ስር ወደታች እንዲያይ አድርጎ ለጠፈው፣ ስለዚህ ስትሪፑ የሚያበራው ከስሩ ያለውን ደረጃ ነው፣ ከላይ ለሚወርድ ሰው ደግሞ የቆመበት ደረጃ ጠርዝ በበራው ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታየዋል። ዓይን የሚወጋ ነገር የለውም። ቀለሙ 3000 ኬልቪን የሚባለው ሞቅ ያለው ነው፣ ነጩና ሰማያዊ የሚመስለው ማታ ላይ እንቅልፍ ያባርራል ብሎ እሱን አላስገዛንም፣ ቀለም የሚቀያይረውንም ልጆቹ ቢለምኑት እሺ አላለም።

ሂሳቡን ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው ያስረዳን፣ እኔ ይሄ በጣም ነው የሚያስደስተኝ። 14 ደረጃ አለን፣ ለእያንዳንዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 11.2 ሜትር፣ በ4.8 ሲባዛ ወደ 54 ዋት ይመጣል። ፓወር ሰፕላዩ (የቤቱን 220 ቮልት ዝቅ አድርጎ ለስትሪፑ የሚሰጠው ሳጥን) ግን ልክ በልኩ ከሆነ እየጋለ ቶሎ ይሞታል፣ ቢያንስ 20 ፐርሰንት ትርፍ ይኑረው ብሎ ባለ 75 ዋቱን አስገዛን፣ የሰቀለውም አየር በሚያገኝበት ቦታ ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይደበቅልን ብለነው እምቢ አለ። ከ12 ቮልቱ ስትሪፕ ይልቅ 24 ቮልቱን የመረጠው ደግሞ ለተመሳሳይ ዋት አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ ነው፣ ገመዱ ላይ የሚባክነው ስለሚያንስ የመጨረሻው ደረጃ ደብዘዝ አይልም። ሁሉንም ደረጃ በተከታታይ አንዱን ካንዱ ጫፍ አልቀጠለም፣ ከዋናው ገመድ ለየራሳቸው ነው ያወጣላቸው፣ ስለዚህ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይበራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እኔ በህይወቴ አስቤው የማላውቀው። ከታች ቆማችሁ ቀና ስትሉ የላይኞቹን ደረጃዎች ሆድ ታያላችሁ አይደል፣ እዛ ጋ ነጠብጣቦቹ አምፖሎች በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ስትሪፑ ውስጡ የሚገባበትን፣ ብርሃኑን የሚያለሰልስ የፕላስቲክ ክዳን ያለውን አልሙኒየም ለነሱ ብቻ አስገዛን፣ ለታችኞቹ "አይታይም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ" አለ። ሻጭ ቢሆን ለ14ቱም ይሸጥልን ነበር!

ሴንሰሩን ከላይና ከታች አንድ አንድ አድርጎ ነው ያሰረው፣ ከየትኛውም በኩል ሰው ሲመጣ ይበራል። እየተከታተለ አንድ በአንድ የሚበራው ዓይነት መቆጣጠሪያ አለ፣ ቪዲዮ ላይ አይታችሁት ይሆናል፣ ያምራል ግን ውድ ነው፣ ለሽማግሌ ደግሞ ደረጃው በሙሉ ባንዴ ቢታይ ይሻላል አለን፣ ተስማማን። ሴንሰሩ የሰውነት ሙቀት እንቅስቃሴን የሚያነብ ስለሆነ ፊት ለፊቱ ከሚመጣ ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፍን ቶሎ ያያል፣ ለዛ ብሎ በጎን በኩል ነው የገጠመው። የሚቆይበትን ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ 30 ሰከንድ ላይ ነበር፣ እማዬን እንደገና አስወርዶ መሃል ላይ እንዳይጠፋባት ከአንድ ደቂቃ በላይ አደረገው። እኔ እዚህ ጋ ነው ልቤን የወሰደው፣ ማንም ሳይነግረው።

ፍጆታውን የምትፈሩ ካላችሁ፣ ሙሉውን 8 ሰዓት ቢበራ እንኳን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፣ በሴንሰር ሲሆን ደግሞ በቀን የሚበራው ለትንሽ ደቂቃ ነው።

ስራውም ንጹህ ነው። ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዱን ቦታ በአልኮል ጠርጎ አድርቋል፣ አቧራ ላይ የተለጠፈ ስትሪፕ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው። መገጣጠሚያዎቹን ሶልደር አድርጎ ሸፍኗቸዋል፣ 220 ቮልቱ ያለበትን ክፍል ሲነካ ብሬከሩን አውርዶ በቴስተር አረጋግጦ ነው፣ ልጆች ቤት ውስጥ ስለነበሩ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሲጨርስ ቤቱን ጠርጎ ነው የወጣው።

ተከራይታ የምትኖር ጓደኛዬም ደውላለት ነበር፣ ከሷ ጭራሽ ስራ አልተቀበለም፣ ግድግዳው የራስሽ ስላልሆነ ቻርጅ የሚደረጉትን ባለ ሴንሰር መብራቶች ገዝተሽ በማግኔት ለጥፊያቸው፣ ቤት ስትቀይሪ ይዘሻቸው ትሄጃለሽ ብሎ ነው የመከራት። ቻርጅ ማድረጉ ትንሽ ይሰለቻል ግን ለሷ ልክ ነው።

ወንድሜ እጅህን ይባርክ፣ እማዬም በየማታው ትመርቅሃለች። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የደረጃችሁን ብዛት፣ የአንዱን ስፋት፣ ጠርዙ ወጣ ያለ መሆን አለመሆኑን፣ ቅርብ ያለው ሶኬት የት እንደሆነ አይታችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው፣ ፎቶ ካነሳችሁም ከታች ወደላይም ከላይ ወደታችም አንሱት።