እንቅልፍ ለመለካት፦ ስማርት ባንድ ወይስ የ60 ብር ደብተር?

«ሁሌ ድካም ነው፤ ተኝቼ ስነሳም ያው ድካም ነው። እጅ ላይ ታስሮ እንቅልፌን የሚለካ ባንድ የትኛውን ልግዛ?» ከደሴም ከኮምቦልቻም ይህ ጥያቄ አይጠፋም። መልሴ ያው ነው፦ ደብተር ግዙ።

መጀመሪያ ዋጋ። ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ስጠይቅ ኮፒው ባንድ 900 ብር ተጠራ፤ ሲከራከሩት 650 ይገባል። ኦርጅናሉ፣ የሻኦሚ ኩባንያው ሚ ባንድ፣ ከ7,000 ብር አልወርድ አለ፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ያንኑ 7,400 አሉኝ። ባለ 50 ሉክ ደብተር 60 ብር፣ እስክሪብቶ 20 ብር። በኦርጅናሉ ዋጋ ደብተሩን ገዝቶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ማሠራት ይቻላል። ለደከመው ሰው የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ባንዱ የሚያየው የእጅን እንቅስቃሴና በአረንጓዴ መብራት የሚያነበውን የልብ ምት ነው። አንጎልን አያይም። አፑ ላይ የምታዩት «ጥልቅ እንቅልፍ» ግን በአንጎል ሞገድ የሚለይ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው የእንቅልፍ ላቦራቶሪ በራስ ቅል፣ በዓይን ዙሪያና በአገጭ ላይ ኤሌክትሮድ የሚለጥፈው። ባንዱ ግምቱን ነው የሚነግራችሁ። ሳይንቀሳቀስ ዓይኑን አፍጥጦ የተኛን ሰው ብዙ ጊዜ «ተኝቷል» ብሎ ይመዘግበዋል። ድካም የያዘው ሰው ደግሞ ለመገላበጥም አቅም የለው!

ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ይብሳል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት፣ ከ6 ወር በላይ የዘለቀ ድካምና ትንሽ ከሠሩ በኋላ ሕመሙ መባሱ ካሉበት ጎን እረፍት የማይሰጥ እንቅልፍም ዋና ምልክት ነው። እነዚህ ሰዎች በላቦራቶሪ ሲለኩ መሣሪያው የሚያገኘው ችግር ብዙውን ጊዜ እነሱ ከሚሰማቸው ያነሰ ነው። ይዋሻሉ ማለት አይደለም፤ መሣሪያው የተኙበትን ሰዓትና የእንቅልፉን ዓይነት እንጂ ሰውነት መታደሱን አይቆጥርም። አሁን ባንዱ ለሌሊቱ እንቅልፍ ከ100 «92 ነጥብ» ሲሰጥ ቤተሰቡ ምን ይላል? «ይኸው ተኝተሃል፣ ምን ሆንኩ ትላለህ?» በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ነጥብ ሲያሳድዱ እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን ታሪክ ጽፈዋል። በገንዘብ ጭንቀት መግዛት ነው።

ስለ ኮፒው ትንሽ ልቆይ። እዚሁ ደሴ ሸዋበር ሰፈር ያለች ዘመዴ በ700 ብር ገዝታ መጣች። ፈትተን በሶፍት ጥቅል ላይ አሰርነው፤ ልብ 78፣ ግፊት 118 በ76! ሶፍቱ ከኔ ይሻላል። ሻጩ «አልቀይርም» አለ፤ ስልክ ጠጋኙ ከፍቶ ሲያየው አረንጓዴ አምፑል ብቻ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ የሚያነብ ነገር የለም። በእርግጥ ኦርጅናሉም በሶፍት ሊታለል ይችላል፤ ስለዚህ ኮፒን በዚህ ብቻ አትለዩት። በዚያ ዋጋ ግፊትና ስኳር እለካለሁ ካለ ጥላችሁት ሂዱ። ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ ከስልክ ጋር አገናኙት፤ በአምራቹ አፕ ካልታወቀና ሌላ አፕ አውርዱ ካለ ኮፒ ነው። ስለ ጥገና አታስቡ፤ ስክሪኑ በማጣበቂያ የተዘጋ ነው፣ ባትሪ ከሞተ የሚቀይርላችሁ ብታገኙ እንኳ የኮፒውን ዋጋ ይጠይቃችኋል።

ደብተሩ ላይ ጠዋት ጠዋት ይህን ጻፉ፦ ስንት ሰዓት አልጋ ገባሁ፣ መቼ ወሰደኝ፣ ስንቴ ነቃሁ፣ ስንት ሰዓት ተነሳሁ፣ ስነሳ ከ1 እስከ 5 ምን ያህል ታድሻለሁ (1 ምንም፣ 5 ሙሉ በሙሉ)። ሌሊት ሰዓት አትዩ፤ የሱብሂ አዛን ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ነቅታችሁ እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል። ቡናና ጫትም ይመዝገብ። እኛ ወሎ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አቦሉን ጀምረን በረካው ሲመሽ ነው የሚያልቀው፤ የቡናው ኃይል ግማሹ ከጠጣችሁት 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ደም ውስጥ አለ። የቀኑን ሥራም ጻፉ፤ ልብስ ባጠባችሁበት ቀን ማግስት የመታደሱ ቁጥር 1 ከሆነ ሐኪሙ ይህን ማየት ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ የተኛችሁበትን ሰዓት አልጋ ላይ ለቆያችሁበት አካፍሉ፦ 8 ሰዓት አልጋ ላይ ሆናችሁ 6 ከተኛችሁ 75 በመቶ ነው። ሐኪሞች ከ85 በላይ ሲሆን ደህና ይሉታል። ሂሳቡ ደህና ሆኖ የመታደሱ ቁጥር 1 እና 2 ላይ ከቀረ፣ ችግሩ ከሰዓቱ ብዛት ውጭ መፈለግ አለበት ማለት ነው። ይህንን ባንዱ አይነግራችሁም።

የምታንኮራፉ፣ ሌሊት ትንፋሻችሁ ቁርጥ የሚል፣ ቀን መሪ ይዛችሁ የምታንቀላፉ ከሆነ ባንዱም ደብተሩም ይቅር፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። አጠገባችሁ የሚተኛውን ጠይቁ፤ የትንፋሹን መቋረጥ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እሱ ነው።

እሺ፣ አልሰማም ብሎ ኦርጅናሉን የሚገዛ ካለ፦ የተኛበትንና የተነሳበትን ሰዓት ብቻ ይመልከት፣ ነጥቡን ችላ ይበለው። ቻርጀሩ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ሳያይ ብር አያውጣ፤ ለብቻው ሲፈለግ 500 ብር ይሉታል።