ኪውኤ403 የድምፅ መለኪያ፦ ለጎንደር የአምፕሊፋየር ጥገና ቤት ያዋጣል?

የኳንት አሳይለም ኪውኤ403 በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ሣጥን ነው። ሲግናሉን ራሱ ያመነጫል፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አልፎ የመጣውንም መልሶ ይለካል። ኃይሉን የሚወስደው ከዩኤስቢው ነው። ጎንደር ውስጥ ለሠርግና ለጥምቀት የሚከራይ ሞንታርቦ፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና የአዝማሪ ቤት ሚክሰር ለሚጠግን ባለሙያ መሣሪያው ዋጋውን ያወጣል። ብቻውን ተገዝቶ ግን ሥራ አይጀመርበትም።

አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዳሚ ሎድ ነው፤ ይህም በስፒከር ፋንታ የአምፕሊፋየሩን ኃይል የሚቀበል ሬዚስተር ነው። ለእያንዳንዱ ቻናል የአሉሚኒየም ሽፋን ያለው 8 ኦም፣ 100 ዋት ሬዚስተር ሰፊ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ላይ ይታሰር፤ ያለ ሂትሲንክ የተጻፈበትን ዋት አይችልም። በስፒከር መለካት አያዋጣም። ኦሙ ከፍሪኩዌንሲ ጋር ይለዋወጣል፣ ቮይስ ኮይሉም ሊቃጠል ይችላል።

ሥራው ሲጀመር የመለኪያው መውጫ በአጭር ቢኤንሲ (ክብ የመለኪያ ሶኬት) ገመድ ከራሱ መግቢያ ጋር ይያያዝ። ያኔ የሚታየው ኖይዝና ዲስቶርሽን (የሲግናል መዛባት) የመለኪያው የራሱ ነው። የአምፕሊፋየሩ ውጤት ወደዚያ ቁጥር ከተጠጋ መለኪያው ከዚያ በታች ማየት አይችልም ማለት ነው። ቀጥሎ 1 ኪሎኸርዝ ከዝቅተኛው እየተጀመረ ከፍ ይደረግ፤ በ8 ኦም ላይ 2.83 ቮልት 1 ዋት ነው፣ 20 ቮልት ደግሞ 50 ዋት። ብዙ ጠጋኝ ከፍተኛውን ዋት ብቻ አይቶ ይዘጋዋል፤ እኛ ግን የ1 ዋቱን ልኬት እናስቀድማለን። ባያሱ (የውፅዓት ትራንዚስተሮቹ ያለ ሲግናል የሚወስዱት መነሻ ከረንት) የወረደ አምፕሊፋየር በ50 ዋት ደህና ይመስላል፤ በ1 ዋት ግን በስክሪኑ ግራፍ ውስጥ በ3፣ በ5፣ በ7 ኪሎኸርዝ ላይ ረጃጅም መስመሮች ይቆማሉ። ያ ክሮስኦቨር ዲስቶርሽን፣ ማለትም ሲግናሉ ከአንዱ ትራንዚስተር ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚፈጠር መዛባት ነው፤ በዝቅተኛ ድምፅ በሚዘመር መዝሙር ላይ ጆሮ የሚቆረቁረውም እሱ ነው።

የመሣሪያው ትልቁ ሀብት ስፔክትረሙ፣ ማለትም ሲግናሉን በፍሪኩዌንሲ ከፋፍሎ የሚያሳየው ግራፍ ነው። አምፕሊፋየር ሲያጉረመርም መስመሩ 50 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ከቆመ ግራውንድ ሉፕ (ግራውንዱ በሁለት መንገድ ሲገናኝ የሚፈጠር ዑደት)፣ ሽፋኑ የተበጠሰ ገመድ ወይም ለመግቢያው የቀረበ ትራንስፎርመር ይፈተሽ። 100፣ 200፣ 300 ኸርዝ ላይ ከሆነ የፓወር ሳፕላዩ ማጣሪያ ካፓሲተር ደክሟል። ካፓሲተሩ ሲቀየር የ100 ኸርዙ መስመር ሲወርድ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ለደንበኛውም ማሳየት ይቻላል። መለኪያው ከኮምፒውተሩ በኤሌክትሪክ የተነጠለ ስለሆነ የላፕቶፑ ቻርጀር ኖይዝ ውጤቱን አያደናግርም።

ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የመብራቱ ቮልቴጅ ይጻፍ። ተራ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ከ220 ወደ 190 ቮልት ሲወርድበት ከፍተኛ ኃይሉ ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ደንበኛው «ማታ ማታ ድምፁ ይሰነጠቃል» ካለ ትራንዚስተር ከመነቀሉ በፊት ይህ ይታይ።

አደጋውም መታወቅ አለበት። በብሪጅ (ሁለቱም የስፒከር ተርሚናሎች ሲግናል በሚያወጡበት አሠራር) የሚሠራ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ጥቁሩ ተርሚናል ግራውንድ አይደለም። የቢኤንሲው የውጭ ብረት ቅርፊት ከጥቁሩ ጋር ከተያያዘ በመለኪያው መውጫ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር ይገናኝና አንዱ የውፅዓት ወገን ሾርት ይሆናል። ቀዩ ወደ ፕላስ መግቢያ፣ ጥቁሩ ወደ ማይነስ መግቢያ ይግባ፤ ቅርፊቱ ሳይነካ ይቅር።

መግቢያው የሚችለው እስከ 40 ቮልት አርኤምኤስ ነው። ስለዚህ የቀንድ ድምፅ ማጉያ የሚነዳ ባለ 100 ቮልት መስመር አምፕሊፋየር በቀጥታ አይሰካም። 9.1 ኪሎኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር ከ1 ኪሎኦም ጋር በተከታታይ ይያያዝና ልኬቱ ከ1 ኪሎኦሙ ላይ ይወሰድ፤ የተነበበው ቮልት በ10.2 ይባዛል። ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ኦም ያላቸው ሬዚስተሮች አይመረጡም፤ የመለኪያው መግቢያ የራሱ 100 ኪሎኦም ንባቡን ያዛባዋል።

ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ነው። ሥራው የአዳራሽ ድምፅ ማስተካከል ብቻ ለሆነ ሰው ይህን ግዢ አንመክርም፤ ካሊብሬት የተደረገ ዩኤስቢ ማይክራፎንና ነፃው አርኢደብሊው የተባለ የአዳራሽ ድምፅ መለኪያ ፕሮግራም ይበቁታል።