ፓኬጅ አለኝ፣ ስፖንሰር የለኝም፦ ዴቢያን ሜንተርስ እንዴት ነው?

ዴቢያን ሜንተርስ የሚባለው ሰርቪስ የተሠራው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ተዘጋጅቶ የታሸገ ፕሮግራም፣ ሠርቶ ጨርሷል፣ ዴቢያን ውስጥ የማስገባት መብት ግን የለውም። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ገብቼ፣ ጠብቄ፣ ታርሜ ወጥቻለሁ። ለሚቀጥለው ሰው የሚጠቅመውን ልጻፍ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ። ዴቢያን ኢያን መርዶክ በ1993 የጀመረው የሊኑክስ ሲስተም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የእኔ ፓኬጅ ሥራው ይኸው የቀን መቀየር ስለሆነ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።) ኡቡንቱ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ዴቢያን ቤታችሁ አለ፤ ኡቡንቱ አብዛኛውን ፓኬጅ የሚወስደው ከዚያ ነው። አፕት ኢንስቶል ብላችሁ ከምታወርዱት ነገር ጀርባ ሜንቴይነር የሚባል ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ነው። የሜንቴይነሩ ሥራ ፕሮግራሙን በዴቢያን ደንብ ማሸግ፣ አዲስ ስሪት ሲወጣ ማደስ፣ ችግር ሲነገረው መልስ መስጠት ነው።

ማሸጉን ማንም ይችላል። ወደ ዋናው ማከማቻ አዲስ ነገር ማስገባት የሚችሉት ግን የዴቢያን ዴቨሎፐሮች ናቸው። ስለዚህ ጀማሪው ከእነሱ አንዱን መለመን አለበት። ያ ሰው ሥራውን ይመረምራል፣ በራሱ ዲጂታል ቁልፍ ይፈርማል፣ ያስገባል። ስፖንሰር የሚባለው እሱ ነው። ብር አይሰጥም። ሥራ ስንቀጠር ዋስ አምጣ እንደምንባለው ነው፤ ጥፋት ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የእኔ ፓኬጅ ትንሽ ነች። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፋት ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት ኮድ) ነች፤ ጳጉሜን ከነስድስተኛ ቀኗ በትክክል ታሰላለች፣ የበዓላት ዝርዝርም አላት። መሥሪያ ቤታችን ውል የሚያትመው በሁለቱም አቆጣጠር ነው። ሰርቨሮቻችን ደግሞ ዴቢያን ናቸው። አዲስ ሰርቨር በተነሳ ቁጥር ላይብረሪዋን በእጅ ማስገባት ሲሰለቸኝ ነው ወደዚህ ጣጣ የገባሁት።

አሁን ወደ ሰርቪሱ። ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል። አንዱ የምትፈርሙበት የጂፒጂ ቁልፍ ነው። ሌላው አይቲፒ ይባላል፤ "ይህን ፕሮግራም ላሽግ አስቤያለሁ" ብሎ በዴቢያን የባግ (የስህተትና የጥያቄ) መዝገብ ላይ ማስመዝገብ ነው። ሪፖርትባግ በሚባል ኮማንድ ይላካል። ሁለት ሰው አንድ ሥራ ላይ እንዳይደክም ይጠቅማል። ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩን ቼንጅሎጉ (የፓኬጁ የለውጥ መዝገብ) ውስጥ ታስገቡታላችሁ፤ ፓኬጁ ሲገባ ጥያቄው በራሱ ይዘጋል።

ከዚያ ዲፑት በሚባል ኮማንድ ወደ ሜንተርስ መላክ ነው። እዚህ ላይ ሳላደንቅ አላልፍም። ፓኬጁ ሲደርስ የራሱ ገጽ ይከፈትለታል። ሊንቲያን የሚባለው መርማሪ ዕቃውን በርብሮ ያገኘውን ጉድ ይዘረዝራል። የፈረመው ሰውና ሜንቴይነር ተብሎ የተጻፈው አንድ ነው ወይ? አዲስ ስሪት መውጣቱን የሚከታተለው ፋይል ይሠራል ወይ? ይዘጋል የተባለው የባግ ቁጥር የዚሁ ፓኬጅ ነው ወይ? ሁሉን በቀለም ለይቶ ያስቀምጠዋል። ሰው ሳያይባችሁ አስተካክላችሁ ደግማችሁ መላክ ትችላላችሁ።

ደግሞ ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለም፣ የባንክ ካርድ የለም። እዚህ አገር ለምንኖር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንቱ ጥሩ ሰርቪስ ነው ካርድ አስገቡ የሚለው ጋ ስንደርስ የሚቀርብን! ገጹ ጌጥ ስለሌለው በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል።

የስፖንሰር መጠየቂያ ደብዳቤውንም ራሱ አርቅቆ ይሰጣችኋል። አርኤፍኤስ ይሉታል። የፓኬጁ ስም፣ ስሪቱ፣ አዲስ መሆኑ፣ የአንድ መስመር መግለጫ፣ ከየት እንደሚወርድ፤ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ተሞልቶ ይመጣል። እናንተ ቀሪውን ጨምራችሁ ለጥያቄዎቹ ወደተከፈተው መዝገብ መላክ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ ላብ ለሚያጠምቀው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

እስከዚህ ድረስ አምስት ከአምስት። ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ነው።

ስሙ ሜንተርስ ይባል እንጂ ሜንተር መድቦ አይሰጣችሁም። ማሽኑ ይፈትሻል፤ ሰው የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ተራ ቁጥር የለም። በዚህን ያህል ቀን እንመልሳለን የሚል ቃል የለም። የዴቢያን መተዳደሪያ ደንብ ራሱ ማንም ሰው ለፕሮጀክቱ የመሥራት ግዴታ እንደሌለበት ይናገራል። የተከፈቱትን ጥያቄዎች ማንም ገብቶ ማየት ይችላል፤ ሳምንት አልፎ ወር የቆጠሩ አሉበት። ሥራው ጥሩ ሆኖ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ፓኬጅ አለ። ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን ደግሞ ሰርቪሱ ከገጹ ያነሳዋል።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይናደዳል፣ "እነዚህ ሰዎች በር ዘግተው ነው የሚሠሩት" ይላል። እኔ ስፖንሰሮቹን አልፈርድባቸውም። በማርች 2024 የሆነውን አስታውሱ። ኤክስዜድ ዩቲልስ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር ተገኘ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ያህል ሸጋ ሸጋ ሥራ እያቀረበ፣ አመኔታ አትርፎ፣ ሜንቴይነር ሆኖ ነበር። የተነቃበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ኤስኤስኤች በሚባለው የርቀት መግቢያ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ስለቆፈረ ነው። የተበከለው ስሪት የዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች ውስጥ ገብቶ ነበር። የተረጋጋው ስሪት ተርፏል። ከዚያ ወዲህ የማያውቀውን ሰው ሥራ በራሱ ቁልፍ የሚፈርም ሰው ቢያመነታ ምን ይገርማል?

ታዲያ ስፖንሰር ከየት ይመጣል? ከቡድኖቹ። ዴቢያን ውስጥ ሥራው በቋንቋና በሙያ ተከፋፍሏል። የፓይተን ቡድን አለ፣ የፐርል አለ፣ የጎ አለ፣ የጃቫስክሪፕት አለ። ፎንት የሚያሽጉ አሉ፤ አቢሲኒካ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ዴቢያን ውስጥ እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ለሕክምናና ለባዮሎጂ ሶፍትዌር ዴቢያን ሜድ አለ። እሱ ቡድን ጀማሪ በማሠልጠን ስም ያተረፈ ነው። መሥራቹ አንድሬያስ ቲለ በ2024 እና በ2025 የመላው ዴቢያን መሪ ሆኖ ተመርጧል።

እኔ የፓይተኖቹን በር አንኳኳሁ። ሳልሳ የሚባለው የዴቢያን ጊትላብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንት ከፈትኩ፣ የቡድኑን ደንብ አንብቤ እንደምቀበል ጻፍኩ፣ ለምን መግባት እንደፈለግኩ አስረዳሁ። ፓኬጁን እዚያው አስቀመጥኩ። የሜንተርሱን ገጽም አያያዝኩበት። ሊንቲያን ምንም እንዳላገኘበት የሚያሳይ ገጽ ከጥያቄው ጋር ሲሄድ ደስ ይላል፤ ሰውየው የቤት ሥራውን ሠርቷል ያሰኛል።

አንዲት የቡድኑ አባል አየችልኝ። መጀመሪያ የነካችው መግለጫውን ነው። "ፈጣንና ቀላል" የሚለውን አውጣው፣ ምን እንደምትሠራ ብቻ ንገረን አለችኝ። አጭሩ መግለጫ ከ80 ፊደል በታች መሆን አለበት፤ ለሙገሳ የሚተርፍ ቦታ የለውም። ቀጥላ ፓኬጁ ከተጫነ በኋላም ቴስቶቹ ይሮጡ እንደሆነ ጠየቀች። ሦስተኛው ጥያቄዋ ነው ያስደነገጠኝ። የበዓላት ዝርዝር ያለባት ፋይል የማን ናት? ላይሰንሷስ?

ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ።

"ስማ፣ ያቺን የበዓላት ፋይል ከየት ነው ያመጣሃት?"

"አባባ ናቸው የሰጡኝ።"

"የትኛው አባባ?"

"አባቴ ናቸዋ! ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ እኮ። በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፣ እኔ ታይፕ አደረግኳት።"

ይህን ለአንዲት የአውሮፓ ኢንጂነር በእንግሊዝኛ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቅ ገምቱት። እሷ ግን አልሳቀችም። ጥሩ፣ አሰናጅው እሳቸው ከሆኑ ስማቸው ኮፒራይት ፋይሉ ውስጥ ይግባ፣ ፈቃዳቸውም በጽሑፍ ይኑር አለች። ባልደረባዬ አባቱን "አባባ፣ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት ይፈቅዳሉ?" ብሎ ሲጠይቃቸው "የእግዚአብሔርን ቀን ማን ይከለክላል?" አሉት። እንደ ላይሰንስ አይበቃም። ልጃቸው በወጉ በኤምአይቲ ላይሰንስ ጽፎ አስፈረማቸው።

ይሄ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ስፖንሰሩ ከፈረመ በኋላም አዲስ ፓኬጅ በቀጥታ አይገባም፤ ኒው የሚባል ወረፋ ላይ ይቆማል። እዚያ ያለ ቡድን በተለይ ላይሰንሱን ይመረምራል። ባለቤቱ ያልተለየ ፋይል ካለ ይመልሱታል፣ ወረፋውም እንደገና ይጀምራል። ሊንቲያን የአባባን ፋይል ሊያይልኝ አይችልም ነበር። ማሽንና ሜንተር የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው፤ ሰርቪሱንም ብቻውን አምስት ኮከብ ያልሰጠሁት ለዚህ ነው።

ስለ ወጪ ልንገራችሁ። ፓኬጅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻው በተከለለ ንጹሕ ክፍል ተሠርቶ መፈተን አለበት፤ ኤስቢልድ የሚባለው መሣሪያ ይህን ሲያደርግ ብዙ ፋይል ከኢንተርኔት ይጎትታል። ሞባይል ዳታ ላይ ከሆናችሁ ጥቅሉ ዓይናችሁ እያየ ያልቃል። ሁለት መላ አለ። አንዱ አፕት ካሸር ኤንጂ የሚባለውን መጫን ነው፤ አንዴ የወረደውን ያስቀምጥላችኋል። የተሻለው ግን የሳልሳ አውቶማቲክ ፍተሻ ነው። እናንተ ኮዱን ትልካላችሁ፣ ግንባታውንም ምርመራውንም የእነሱ ሰርቨር ይሠራዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው ይቀጥላል።

ጊዜ መምረጥም አለ። ዴቢያን አዲስ ስሪት ሊለቅ ሲል በሩን ቀስ በቀስ ይዘጋል። 13ኛው ስሪት፣ ትሪክሲ፣ የወጣው ኦገስት 9 ቀን 2025 ነው። አዲስ ፓኬጅ ቀጣዩ ስሪት ወደሚዘጋጅበት ወደ ቴስቲንግ መግባት ያቆመው ግን ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው ስህተት በማረም ይጠመዳል። ስፖንሰር አጣሁ ከማለታችሁ በፊት ካሌንደሩን እዩ።

ሌላ ቦታስ? ፌዶራ የሚባለው ሌላ ሊኑክስም ጀማሪን ያለ ስፖንሰር አያስገባም፤ ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። አርች ሊኑክስ ላይ ኤዩአር የሚባለው ማከማቻ ማንም እንዲለጥፍ ይፈቅዳል፤ ፈጣን ነው፣ ግን የሚያርማችሁ ሰው መኖሩ የዕድል ጉዳይ ነው። ሜንተር ከነአበሉ የምትፈልጉ አውትሪቺ የሚባለውን የሥራ ልምምድ ፕሮግራም ተመልከቱ። ለሦስት ወር 7,000 ዶላር ይከፍላል፣ ዴቢያንም ሜንተር እያቀረበ ተሳትፎበታል። ውድድሩ ግን የዋዛ አይደለም።

ለእኛ አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ዘላለም ስፖንሰር ላለመለመን ዴቢያን ሜንቴይነር የሚባለውን ደረጃ ማግኘት ትችላላችሁ፤ የተፈቀዱላችሁን ፓኬጆች ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ለዚህ ቁልፋችሁ በዴቢያን ዴቨሎፐር መፈረም አለበት። ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአካል ተገናኝቶ መታወቂያ በማሳየት ነው። በርሊን ያለ ሰው ቡና ሲጠጣ የሚጨርሰው ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ፈራሚውን ራሱን ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። ዴብኮንፍ የሚባለው ዓመታዊ ጉባኤ በ2016 ኬፕታውን መጥቶ ነበር። ለጉባኤው የጉዞ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ማመልከት ነው፣ ቪዛውን ግን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ለዴቢያን ሜንተርስ ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ለፍተሻው አምስት፣ ሰው በማገናኘት ሦስት። ማንም ሳያያችሁ የምትታረሙበት ቦታ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ስፖንሰሩን ከምታሽጉት ነገር ጋር ከሚሠራው ቡድን ፈልጉ። መልስ ሲዘገይ በትሕትና አስታውሱ፤ እስከዚያው የሌላ ጀማሪ ፓኬጅ አውርዳችሁ ፈትሹና ያያችሁትን ጻፉለት። ስማችሁ እንዲታወቅ ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላየሁም።

የላይብረሪዋ አዲስ ስሪት ወጥቷል። ስፖንሰሬ የዘንድሮውን ወደ ሜንተርስ መላክ አያስፈልግህም፣ የቡድኑ ማከማቻ ላይ አዘጋጅተህ ጥራኝ ብላኛለች። አባባም ሁለት ንግሥ ተረስቷል ብለው በወረቀት ልከዋል።